ሣጥኑን ማን ቀሰቀሰው?

ክረምት ነው፤ ቦታው ጅማ፣ አወቱ መንደራ። ከማምሻው ጀምሮ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የነበረው ዝናብ አባርቷል፤ አወቱ ወንዝ ግን ጎርፉን ተሸክሞ ገና ያጉረመርማል። መብራት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ስለጠፋ ሰፈሩ በሻማና በስልክ ብርሃን ራቱን በልቶ፣ ቡናውን እስከ በረካው ጠጥቶ ተኝቷል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ግድም መብራት ይመጣል። ቀን ቢሆን ልጆች በየግቢው «መብራት መጣ!»፣ «ኢብሳን ዹፌ!» እያሉ በሁለት ቋንቋ ያበስሩት ነበር። ሌሊት ግን የምሥራቹን የሚናገረው ሌላ ነው። ቴሌቪዥኑ ሥር የተቀመጠው፣ መዳፍ የማይሞላው ጥቁር ሣጥን መብራቱ ከቀይ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል፤ ግማሽ ደቂቃ ያህል ያሰላስላል፤ ከዚያ ቴሌቪዥኑን ይቀሰቅሰዋል። ሳሎኑ ቦግ ይላል። ማንም ያልከፈተው ማስታወቂያ ቤቱን ይሞላዋል። ሰው ተነሥቶ በዳበሳ ሪሞት ይፈልግና ያጠፋዋል፤ ገና ጋደም ከማለቱ እንደገና ይበራል።

በማግስቱ የሚሰጠው ማብራሪያ በየቤቱ ይለያያል። አንዱ «ቻይና ነው፣ ምን ትጠብቃለህ» ይላል፤ ሌላው ሪሞቱን ይረግማል፤ ጅኒ ገብቶበታል የሚል ቀልደኛም አይጠፋም። ፍርዱ ግን ያው ነው፤ ተበላሽቷል። ሣጥኑ በፌስታል ገብቶ ጥገና ቤት ይሄዳል። እዚያ ሲደርስ እንደ ጨዋ ልጅ ጸጥ ብሎ ይተኛል፤ ባለሙያውም «ምንም አልሆነም» ብሎ ይመልሰዋል። ባለሙያው ልክ ነው፤ ባለቤቱም አልዋሸም። ሁለቱን ያላግባባቸው ጥያቄው ነው። «ምኑ ተበላሸ?» ብሎ የጠየቀ ሰው የሣጥኑን ሆድ ይከፍታል። መጠየቅ የነበረበት ግን «ማን ቀሰቀሰው?» ተብሎ ነው። እንቅልፍ አልበረክትለት ያለ ሣጥን አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ የሚጠራው መብዛቱና እሱም ለጠራው ሁሉ አቤት ማለቱ ነው። ጠሪው ያለው ሳሎኑ ውስጥ፣ ጎረቤት ቤት ወይም የመብራት መስመሩ ላይ ስለሆነ ከቤት ሲወጣ ይሻለዋል። አንድ ከባድ ልዩ ሁኔታ አለ፤ እሱን በቦታው እናነሣዋለን።

ማጥፋት የሚባለው ነገር ራሱ ተለውጧል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምርና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ መጥፋት ማለት መጥፋት ነበር። ማዞሪያው ቀጭ ሲል ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል፤ ጣቢያው ራሱ እንኳ ማታ የዕለቱን ፕሮግራም ጨርሶ ይዘጋል። ያንን ዘመን ያበቃው ሪሞት ነው። ከሩቅ የሚጣራ ካለ የሚሰማ ጆሮ መኖር አለበትና፣ መሣሪያው «ጠፋ» ሲባል አንድ ክፍሉ ሳይተኛ እንዲያድር ተደረገ። ያቺ ቀይ መብራት የዚያ ክፍል ምልክት ናት። እንቅልፉ የዘበኛ እንቅልፍ ነው፤ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ዱላውን አቅፎ፣ በር ሲንኳኳ ብድግ የሚል። የዛሬው ሣጥን ደግሞ ከአንድ በላይ በር ይጠብቃል። የሪሞቱን ጨረር ይጠብቃል፤ ብሉቱዝ ይጠብቃል፤ በዋይፋይ ከስልክ የሚመጣ ጥሪ ይሰማል፤ ሰዓቱን ቆጥሮ ራሱን ለማደስ ይነሣል፤ ከቴሌቪዥኑ ጋር በሚያያይዘው ገመድ የሚመጣውን ወሬም ያዳምጣል። ከነዚህ በሮች ባንዱ የተንኳኳ እንደሆነ ይነቃል። የተሠራውም ለዚሁ ነው።

በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች፣ በአጋሮም በሊሙ ገነትም፣ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ግን ከነዚህ በሮች አንዱም አይደለም። መብራት ነው። ሣጥኑ ሲተኛ እንደተኛ የሚያስታውሰው በማስታወሻው ውስጥ ነው፤ ማስታወሻው ደግሞ ያለ ኤሌክትሪክ ባዶ ነው። መብራት ሲጠፋ ሣጥኑ መተኛቱን ይረሳል። ሲመጣ ልክ ዛሬ ከካርቶኑ እንደወጣ አድርጎ ከዜሮ ይነሣል፣ ተነሥቶም ሥራ ይጀምራል። ብዙዎቹ ርካሽ ሣጥኖች ማጥፊያ ቁልፍ እንኳ የላቸውም፤ ለእነሱ ኤሌክትሪክ መምጣቱ ራሱ «ተነሣ» የሚል ትእዛዝ ነው። አምራቾቹ ይህን ሲወስኑ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ መብራት የሚጠፋበት አገር አስበው ሳይሆን አይቀርም። ክረምት ላይ መብረቁና የዛፉ ቅርንጫፍ መስመሩን በሚያስቸግሩት፣ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሁለት ሦስት ጊዜ ብልጭ ድርግም በሚልበት ከተማ ግን ሣጥኑ በአንድ ሌሊት ደጋግሞ እንደ አዲስ ይወለዳል። ይህን ማረጋገጥ ቀላል ነው። ማታ በሪሞት ያስተኙት፤ ሶኬቱን ነቅለው አንድ ደቂቃ ቆይተው ይሰኩት። ማንም ሳይነካው ተነሥቶ ቴሌቪዥኑንም ካስነሣ፣ ከጠሪዎቹ አንዱ ተይዟል። አንዳንድ ሣጥኖች መብራት ሲመለስ ምን ይሁኑ የሚል ምርጫ በሴቲንጋቸው ውስጥ አላቸው፤ ለሌለው ደግሞ መፍትሔው ከሣጥኑ ውጭ ነው፤ ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ዲቫይደር።

እዚህ ላይ አንድ የማይታለፍ ምጸት አለ። በአወቱ መንደራ ሥር የሚያልፈው ውኃ ወርዶ ወርዶ ግልገል ጊቤን ይቀላቀላል። ግልገል ጊቤ ላይ በ1996 ዓ.ም. 184 ሜጋዋት የሚያመነጨው ግድብ ተመረቀ፤ ያው ውኃ በ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ተጉዞ 420 ሜጋዋት የሚያመነጨውን ግልገል ጊቤ ሁለትን ያዞራል፤ ኦሞ ላይ ደርሶም በ1,870 ሜጋዋቱ ጊቤ ሦስት በኩል ያልፋል። ሦስት ኃይል ማመንጫ የሚያዞር ውኃ በጓሮው የሚያልፍበት ሰፈር፣ ትንሽ ሣጥኑ ሌሊት የሚባንነው መብራት ሄዶ ስለሚመጣ ነው። ማመንጨትና ማድረስ የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን የሚያሳይ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

መብራት ሳይጠፋም የሚነቃ ሣጥን ካለ፣ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ገመዱ ነው። ኤችዲኤምአይ የሚባለው ገመድ ጫፍ ላይ 19 መገናኛዎች አሉ። አብዛኞቹ ምስልና ድምፅ ያመላልሳሉ። 13ኛዋ ግን ለሌላ ሥራ የተመደበች ናት፤ መሣሪያዎቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩባት አንዲት ሽቦ። ሲኢሲ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ2002 ኤችዲኤምአይ ሲወጣ ጀምሮ በመመዘኛው ውስጥ አለች፤ ሐሳቡ ከዚያ በፊት በአውሮፓ የቴሌቪዥን ገመዶች ላይ የነበረ ነው። ዓላማው መልካም ነበር፤ አንዱን ሪሞት ስትጫን ሁሉም እንዲታዘዝ። ፍጥነቷ በሴኮንድ 400 ቢት ገደማ ነው፤ ዛሬ ባለው ሚዛን ቀንድ አውጣ ናት። ለ«ተኛ» እና ለ«ተነሣ» ግን ይበቃል። አሠራሯን ለመገመት የእድር ጡሩምባን ማሰብ ይጠቅማል። ጡሩምባ ነፊው ለአንድ ሰው በጆሮው አይነግርም፤ ይነፋል፣ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። እዚህም ቴሌቪዥኑ ዜሮ የሚል መለያ ቁጥር ይዞ፣ ሌሎቹም የየራሳቸውን ቁጥር ይዘው በአንዲት ሽቦ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዱ የተናገረውን ሁሉም ይሰማዋል።

አሁን በጅማ የተለመደውን ሳሎን እንይ። ቴሌቪዥኑ ሥር አንድ ብቻ ሣጥን ያለበት ቤት እየቀነሰ ነው። ዲሹ ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ዞሮ ኢትዮሳትን የሚቀበልበት ሪሲቨር አለ፤ ወርኃዊ የሚከፈልበት ዲኮደር ያለውም አለ፤ ከዚያ ዩቲዩብ የሚታይበት አንድሮይድ ቦክስ፤ አንዳንዱ ቤት ድምፅ ማጉያም ጨምሯል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዲኮደሩ አዲስ ሶፍትዌር ለመጫን ይነሣል እንበል። ሲነሣ በሽቦዋ ላይ «አሁን የማሳየው እኔ ነኝ» ብሎ ይነፋል። ቴሌቪዥኑ ይሰማና ይነሣል። የቴሌቪዥኑን መነሣት የሰማው አንድሮይድ ቦክስ ሰው የመጣ መስሎት እሱም ይነሣል፤ ተነሥቶም «የለም፣ የማሳየው እኔ ነኝ» ይላል። ባለቤቱ መጥቶ የሚያየው የአንድሮይድ ቦክሱን ምስል ስለሆነ ፍርዱን በእሱ ላይ ያሳርፋል። ሦስቱም ግን እንደተነገራቸው አደረጉ፤ ነገሩን የጀመረውም ዲኮደሩ ነበር። በመጀመሪያው ትዕይንት ቴሌቪዥኑ ከጠፋ በኋላ ተመልሶ የበራውም ለዚሁ ነው። ሰውየው ያጠፋው ቴሌቪዥኑን ብቻ ነበር፤ ሣጥኑ አልተኛም። አንዳንድ ቴሌቪዥን ሲጠፋ ገመዱ የተነቀለና እንደገና የተሰካ የሚያስመስል ምልክት ይልካል፤ ያልተኛው ሣጥን አዲስ ቴሌቪዥን ያገኘ መስሎት እንደገና ሰላምታውን ያቀርባል።

ሲኢሲን በሴቲንግ ውስጥ ፈልጎ ማጥፋት ይቻላል፤ ችግሩ ስሙ አንድ አለመሆኑ ነው። ሳምሰንግ አኒኔት ፕላስ ይለዋል፤ ኤልጂ ሲምፕሊንክ፤ ሶኒ ብራቪያ ሲንክ፤ ፓናሶኒክ ቪዬራ ሊንክ። አንዱን ነገር አራት ስም አውጥቶለት ባለቤቱ እንዳያገኘው ማድረግ የገበያ ጥበብ እንጂ የምሕንድስና አይደለም። ሌላው ጥንቃቄ፣ ሁሉንም ዘግቶ መገላገል የሚያስከትለው ነገር ነው። ሽቦዋ ጨርሳ ዝም ካለች ቴሌቪዥኑን ሲያጠፉ ሣጥኑ አያውቅም፤ ማያው ጨልሞ ዩቲዩቡ ከቪዲዮ ወደ ቪዲዮ እየዘለለ ሊያድር ይችላል። ጥሩ ጥራት ያለው ቪዲዮ በሰዓት ከ1 እስከ 3 ጊጋባይት ይበላል፤ በሞባይል ፓኬጅ ለሚጠቀም ቤት ጠዋት ላይ የሚመጣው «ፓኬጅዎ አልቋል» የሚል መልእክት ከሌሊቱ መብራት የባሰ ነው። ስለዚህ የተሻለው መካከለኛው መንገድ ነው። ብዙ ቴሌቪዥኖች «አብረህ ተነሣ» እና «አብረህ ተኛ» የሚሉትን ለይተው ይሰጣሉ፤ መነሣቱን ከልክለው መተኛቱን ይተዉት።

ከሁሉ ያነሰ የሚጠረጠረው፣ ከሁሉም በላይ የሚያስቀው ደግሞ ሪሞቱ ነው። በአገራችን ሪሞት በላስቲክ ይጠቀለላል፤ አቧራና የልጅ እጅ እንዳያበላሸው። ላስቲኩ ሲያረጅ ይጨማደድና ቁልፉን ተጭኖ ይይዛል፤ በውስጡ የታፈነው እርጥበት ደግሞ የቁልፉን ጎማ ያጣብቀዋል። ሪሞቱ መከዳ ሥር ወድቆ ሌሊቱን ሙሉ ሲጣራ ያድራል ማለት ነው። የድሮው የጨረር ሪሞት ቢያንስ ሣጥኑን ፊት ለፊት ማየት ነበረበት፤ የብሉቱዙ ግን ከመከዳ ሥርም ይሰማል። ባትሪውን አውጥቶ አንድ ሌሊት ማደር ይህን ክስ ይዘጋል፤ ወይም ያጸናል።

የዋይፋዩ በር ሰፊ ነው። በአንድ ግቢ ሦስት አራት ተከራይ አንድ ዋይፋይ በሚጋራበት ቤት፣ የጎረቤት ልጅ በስልኩ ዩቲዩብ እያየ ወደ ቴሌቪዥን መላኪያዋን ምልክት ከነካ፣ የእርስዎ ሣጥን ስሙን በዝርዝሩ ውስጥ አሳይቶ «እኔ አለሁ» ይላል። ልጁ ስሙን ከመረጠው የእርስዎ ቴሌቪዥን ይበራል። ይህ ስርቆትም ሰይጣንም አይደለም፤ ሣጥኑ አንድ ዋይፋይ ላይ ያለውን ሁሉ ቤተሰብ አድርጎ ስለሚቆጥር ነው። የይለፍ ቃሉን መለወጥ ወይም ለእንግዳ የተለየ ዋይፋይ መክፈት ይበቃዋል።

ቀደም ብዬ ያቆየሁት ልዩ ሁኔታ እዚህ ጋ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ዳንኤል ሚሊሲች የተባለ ካናዳዊ ባለሙያ፣ ቲ95 በሚል ስም የሚሸጥ ርካሽ አንድሮይድ ቦክስ ገዝቶ ሲመረምር ከፋብሪካው ጀምሮ ጎጂ ሶፍትዌር ተጭኖበት አገኘው፤ ሣጥኑ ባለቤቱ ከማያውቃቸው ኮምፒውተሮች ትእዛዝ ይጠብቅ ነበር። ተመሳሳዩ ነገር በሌሎችም ስም የለሽ ሣጥኖች ተገኘና ባድቦክስ የሚል ስም ወጣለት። የጀርመን የመረጃ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2024 መጨረሻ በአገሩ ውስጥ ያሉ ወደ 30,000 የሚጠጉ መሣሪያዎችን ከአዛዦቻቸው ጋር የሚያገናኛቸውን መስመር ቆረጠ። በሰኔ 2025 የአሜሪካው ኤፍቢአይ ለሕዝብ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ በወሩ ጉግል ከአሥር ሚሊዮን በላይ መሣሪያዎች ተጠቅተዋል ብሎ ክስ መሠረተ። እነዚህ ሣጥኖች የሚሠሩት ሥራ ተራ ነው፤ ሰው ያየው አስመስለው ማስታወቂያ ይጫናሉ፤ የቤትዎን ኢንተርኔት ለሌላ ሰው መሸሸጊያ አድርገው ያከራያሉ። እንዲህ ያለ ሣጥን የማይተኛው ሥራ ስላለው ነው፤ አሠሪው ግን እርስዎ አይደሉም። የተጠቀሰው ስም ያለበት ሣጥን ሁሉ እንዲህ ነው ማለት አይቻልም፤ ርካሽ የሆነ ሁሉም ሌባ አይደለም። ምልክቶቹ ግን ይታወቃሉ። አምራቹ የማይታወቅ፣ «ሁሉ ነገር በነጻ ይከፈታል» ተብሎ የተሸጠ፣ የጉግልን ጥበቃ አጥፋ የሚል፣ ማንም ሳያየው ዳታ የሚጨርስ። በፕሌይ ስቶር ሴቲንግ ውስጥ መሣሪያው የተመሰከረለት መሆን አለመሆኑ ተጽፎ ይገኛል። እንዲህ ያለ ሣጥን በሴቲንግ አይድንም፤ ከዋይፋዩ መነቀል ነው ያለበት።

ጠሪውን ለመለየት ታዲያ ስክሩድራይቨር አያስፈልግም፤ ሰዓት ይበቃል። ሣጥኑ የሚነቃበት ሰዓት ከምንም በላይ ይናገራል። በየሌሊቱ በአንድ ሰዓት፣ ደቂቃው እንኳ ሳይዛነፍ የሚነቃ ከሆነ ቀጠሮ ያለው ነገር ነው፤ ማደሻ ወይም የተረሳ ማንቂያ። መብራት በመጣ ቁጥር ከሆነ ተፈቷል። ቴሌቪዥኑ ሲበራ ወይም ሲጠፋ ከሆነ የ13ኛዋ ሽቦ ሥራ ነው። ሰዓቱ ከተዘበራረቀ ሪሞቱን ወይም ጎረቤትን ይጠርጥሩ። ጨርሶ የማይተኛ ከሆነ ደግሞ አንድ የተከፈተ መተግበሪያ ነቅቶ እንዲቆይ ይዞታል፣ ወይም ከላይ ያልነው ክፉ ነገር አለ። ከዚያ በኋላ በየሌሊቱ አንድ ነገር ብቻ መንቀል ነው። መጀመሪያ ኤችዲኤምአዩን፤ ሣጥኑ ገመድ ሳይኖረውም መብራቱ ሰማያዊ ካደረ ገመዱ ነጻ ወጣ። በማግስቱ ዋይፋዩን፤ ከዚያ የሪሞቱን ባትሪ። ሦስቱን በአንድ ሌሊት የነቀለ ሰው ጸጥ ያለ ሌሊት ያገኛል፤ የጠራው ማን እንደነበር ግን አያውቅም።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊለኝ የሚችለውን አውቃለሁ። ይህ ሁሉ ምርመራ ለምን? ሶኬቱን ነቅሎ መተኛት እያለ! ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ በጅማ ሁኔታ ደግሞ ከፊሉን እቀበለዋለሁ። የተነቀለ ሣጥን ዋት አይበላም፤ ዳታ አይጨርስም፤ መብራት ከፍና ዝቅ እያለ ሲመጣ አዳፕተሩ አይቃጠልም። ግን መንቀል ሦስት ነገር ይጎድለዋል። ሣጥኑ ሶፍትዌሩን በማደስ ላይ ሳለ የተነቀለ እንደሆነ ሁለተኛ ላይነሣ ይችላል፤ ስለዚህ በሪሞት አስተኝቶ፣ ቀዩን መብራት አይቶ ነው የሚነቀለው። በየቀኑ የሚሰካና የሚነቀል ዲቫይደር ይላላል፤ የላላ ሶኬት ይሞቃል፤ ማጥፊያ ያለውን መግዛት የሚሻለው ለዚህ ነው። ሦስተኛውና ዋናው፣ ነቀላ ምስክሩን ዝም ያሰኛል እንጂ ነገሩን አይመረምርም። ሌሊት ለሌላ ሰው የሚሠራ ሣጥን ሲነቀል ሥራውን ለቀን ያስተላልፋል።

ሌላው ተቃውሞ የባሰ ነው፤ «ስንት ዋት ሊበላ ነው?» የሚለው። ይህን በቁጥር መመለስ ይሻላል፤ ቁጥሩም በቅንነት ከተሰላ ለተቃዋሚው ያደላል። ነቅቶ የሚያድር ትንሽ ሣጥን 5 ዋት ቢወስድ፣ ወር ሙሉ ሌት ተቀን ሲሠራ 3.6 ኪሎዋት-ሰዓት ነው። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ግድም ይስባል። ማለትም የሣጥኑ የአንድ ወር ንቃት ከአንድ ሰዓት ጋገራ ጋር እኩል ነው። በዚህ ብቻ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው አላዝንለትም። ሣጥኑ ቴሌቪዥኑንም ይዞ ከተነሣ ስሌቱ ይቀየራል፤ 80 ዋት የሚወስድ ቴሌቪዥን ከሌሊቱ ስምንት እስከ ጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከበራ በወር 9.6 ኪሎዋት-ሰዓት ይሆናል፤ ወደ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ ጋገራ፣ ያለ አንድ እንጀራ። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እንዲል በተደረገበትና ብዙ የተጠቀመ በከፍተኛ ደረጃ በሚከፍልበት አሠራር ይህ ትንሽ አይባልም፤ ቢሆንም ቤት አያፈርስም።

አገር ሲሆን ግን ሌላ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ አንድ ጥናት 160 ሚሊዮን ገደማ የሚሆኑ የቤት ዲኮደሮች በዓመት 27 ቢሊዮን ኪሎዋት-ሰዓት እንደሚወስዱ፣ ከዚህም ሁለት ሦስተኛው የሚባክነው ማንም ሳያያቸው እንደሆነ ገመተ። ሁለት ሦስተኛው 18 ቢሊዮን ነው። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በዓመት ያመነጫል ተብሎ የታቀደው ከ16 ቢሊዮን ያነሰ ነው። ተኝተዋል የተባሉ ሣጥኖች ከአንድ ሕዳሴ በላይ ጠጡ ማለት ነው። ምክንያቱም ያው ነበር፤ ቁልፉ ሲጫን መብራቷ ብቻ ደብዘዝ ትላለች እንጂ ውስጡ ይሠራል፤ ዲሹ ራስ ላይ ላለው ኤልኤንቢ ጭምር ኤሌክትሪክ መላኩን ይቀጥላል። የአውሮፓ ኅብረት ነገሩን በሕግ ያዘው፤ በተጠንቀቅ ያለ መሣሪያ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ከ1 ዋት፣ ከ2013 ጀምሮ ከግማሽ ዋት እንዳይበልጥ አዘዘ፤ ከኔትወርክ ጋር ለተያያዙት ደግሞ የተለየ ደንብ አወጣላቸው። አምራቾቹም አደረጉት። ይህ ሦስተኛውን ተቃውሞ ይመልሳል፤ «ተጠቃሚው መሐንዲስ መሆን አለበት ወይ?» የሚለውን። የለበትም። ሣጥኑ መብራት ሄዶ ሲመጣ እንዲተኛ ሆኖ ከፋብሪካ መውጣት ነበረበት፤ ወደ አገር የሚገባ ዕቃ ሲፈተሽ ይህች አንዲት ጥያቄ ብትጨመር ብዙ ሳሎን በሰላም ያድር ነበር። እስከዚያው ግን ሣጥኑ አለ፣ ክረምቱም አለ።

ስለዚህ ሣጥኑን በፌስታል አድርገው ወደ ጥገና ቤት ከመውሰድዎ በፊት ለሦስት ሌሊት አንዲት ወረቀት ቴሌቪዥኑ አጠገብ ያስቀምጡ። የነቃበትን ሰዓት፣ መብራት ሄዶ መጥቶ እንደሆነም ይጻፉበት። ሪሞቱን ከላስቲኩ ያውጡት። ከዚያ በኋላም መሄድ ካስፈለገ ወረቀቷን ይዘው ይሂዱና ለባለሙያው ከሣጥኑ በፊት እሷን ይስጡት።